ቁስል የሌለበት ቁስለኛ

መድረኩ ሲከፈት ልጃገረዶች ተሰብስበው ጥልፍ ይጠልፋሉ፤ እየጠለፉም ስለ መርፌያቸው ይዘፍናሉ። ከመካከላቸው አንዷ ሁሊያ ትባላለች። በያዘችው መሀረብ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ፦ «ኤ»፣ «ኤን»፣ «ኤፍ»። የምትወደው ወጣት ቴንዮንግ መጥቶ «ልየው» ሲላት ትደብቅበታለች። እንደምንም ካየው በኋላ ልቡ በደስታ ይሞላል፤ ፊደላቱ የራሱ ስም መነሻዎች ናቸውና። ሙሉ ስሙ አንቶኒዮ ናርሲሶ ፍሎሬስ ነው። ሁሊያ ግን ልታበሽቀው ፈልጋለች። ፊደላቱ ያንተን ስም አያመለክቱም፣ የደብሩን መነኩሴ ነው የሚያመለክቱት፣ መሀረቡም ለእሱ የተዘጋጀ ነው ትለዋለች። ቴንዮንግ ይቆጣል፤ መሀረቡን ላቃጥለው ይላል። እሷ ትስቃለች፣ ታባብለዋለች፣ ይታረቃሉ፣ ለመጋባትም ቃል ይገባባሉ። ተመልካቹ ከነሱ ጋር እየሳቀ ሳለ አሽከሩ ሉካስ እየሮጠ ይገባል። የቴንዮንግ አባት ካፒታን ኢንጎ ጓርዲያ ሲቪል በተባለው የስፔን አገዛዝ ጸጥታ አስከባሪ ኃይል ወታደሮች ተይዘው ተወስደዋል።

ሴቬሪኖ ሬየስ እ.ኤ.አ. በ1902 ማኒላ ላይ ለመድረክ ያበቃው «ዋላንግ ሱጋት» የተባለው በታጋሎግ ቋንቋ የተጻፈ ዛርዙዌላ፣ ማለትም ሙዚቃዊ ተውኔት፣ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ርእሱ «ቁስል የለም» ማለት ነው። በዚህ መክፈቻ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ የመነኩሴው አገባብ ነው። በኋላ ጨካኝ ሆኖ የምናየው ይህ ሰው ወደ ታሪኩ የገባው በሥጋ አልነበረም፤ አንዲት ልጅ ፍቅረኛዋን ለማብሸቅ በፈጠረችው ቀልድ ነው የገባው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያው የተቀለደበት ኃይል አባትን ከቤቱ አስወጥቶ ሲወስድ፣ ቀልዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ቅኔ ያደመጠ ሰው ነገሩን ወዲያው ይለየዋል፤ ሰሙ የፍቅር ጨዋታ ነው፣ ወርቁ የአገር መከራ። ስፔን ፊሊፒንስን የገዛችበትን ያን ዘመን ለመግለጽ መነኮሳቱ በየቤቱና በየፍቅሩ መካከል ገብተዋል የሚል ረጅም ንግግር ይቻል ነበር። ሬየስ በአንድ መሀረብ ጨረሰው።

ሬየስ በአገሩ የታጋሎግ ዛርዙዌላ አባት ይባላል። ሲወደስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአገር ፍቅሩ ነው፤ ይገባዋልም። ዛሬ እኔ ላደንቅ የምፈልገው ግን ሙያውን ነው፤ አንዱን ትዕይንት ከሌላው ጋር ሲያጋጥም ስፌቱ የማይታይበትን እጅ።

የተወለደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1861 በማኒላ ሳንታ ክሩዝ ሰፈር ነው። በሳን ሁዋን ደ ሌትራን ኮሌጅና በሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። የትምህርቱ ቋንቋ ስፓኒሽ ነበር፤ ታጋሎግ ደግሞ የቤቱ፣ የሰፈሩና የገበያው። ጸሐፌ ተውኔት ሆኖ ብቅ ያለው በ41 ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ የጀመረ ሰው ሰዎች እንዴት እንደሚጨቃጨቁ፣ እንዴት እንደሚለምኑ፣ ሀብታም ሲያወራ ድሃ እንዴት እንደሚያዳምጥ ለብዙ ዓመታት ሰምቷል። ጽሑፉ ውስጥ ይህ የማዳመጥ ዘመን ይሰማል።

በዚያን ጊዜ የሕዝቡን ልብ የያዘው ቴአትር ኮሜድያ ነበር፤ ሞሮ-ሞሮ እያሉም ይጠሩታል። በየከተማው የደብር በዓል ሲደርስ አንዳንዴ ለቀናት የሚዘልቅ ትርኢት ነው። የክርስቲያን ነገሥታትና የእስላም ሱልጣኖች በግጥም ይናገራሉ፤ በሙዚቃ ታጅበው በሰልፍ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ በሰይፍ ይዋጋሉ፤ ልዑልና ልዕልት በሃይማኖት ተለያይተው ይፋቀራሉ፤ በመጨረሻም እስላሙ ይሸነፋል ወይም ይጠመቃል። ሩዝ አራሹና ዓሣ አጥማጁ ቁጭ ብለው የሚያዩት ከቶ ያልረገጡትን የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ነበር። የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ቀረጥ፣ የራሳቸው የደብር መነኩሴ በመድረኩ ላይ አልነበሩም።

ዛርዙዌላ ደግሞ ንግግርና ዜማ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት የስፔን ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ስሙን ያገኘው ማድሪድ አጠገብ ካለ የነገሥታት ማረፊያ ነው። ማኒላ የገባው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ መጀመሪያ በስፓኒሽ ለስፓኒሽ ተናጋሪ ይታይ ነበር፤ ቀስ በቀስም ፊሊፒናውያን ተዋንያንና ዘፋኞች በቅርጹ ሠለጠኑ። ሬየስ ይህን ከባሕር ማዶ የመጣ ቅርጽ ተቀብሎ የታጋሎግ ሰው ቤት አደረገው። በ1902 «አር.አይ.ፒ.» በተባለ ተውኔት የኮሜድያን መሞት አወጀ። ርእሱ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚጻፈው የላቲን ምህጻረ ቃል ነው፤ «በሰላም ይረፍ» ለማለት። የኮሜድያ ሰዎች ተቆጥተው ቴአትር ቤቱን በድንጋይ ደበደቡ። ሬየስ በዚያው ዓመት «ግራን ኮምፓኒያ ዴ ላ ዛርዙዌላ ታጋላ» የተባለ ቡድን አቋቋመ። አዲሱ ቴአትር ከአሮጌው የሚበልጥ መሆኑንም በሥራ አሳየ።

ጁን 14 ቀን 1902 «ዋላንግ ሱጋት» በማኒላው ቴአትሮ ሊበርታድ ታየ። ሙዚቃውን የደረሰው ፉልሄንሲዮ ቶለንቲኖ ነበር። ቀኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፊሊፒናውያን በ1896 በስፔን ላይ ተነስተው ነበር፤ ስፔን ስትወጣ አሜሪካ ገባች፤ ሁለተኛ ጦርነት ሆነ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ያ ጦርነት አብቅቷል ብለው ያወጁት ጁላይ 4 ቀን 1902 ነው፤ ተውኔቱ ከታየ ሃያ ቀን በኋላ። በ1901 መጨረሻ የወጣ ሕግ ደግሞ ጦርነቱ እስካለ ድረስ ነፃነትን በሰላማዊ መንገድም ቢሆን መስበክን ወንጀል አድርጎት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ብዙው ሟች ነበረበት፤ ሐዘኑን ጮክ ብሎ የሚናገርበት ቦታ ግን አልነበረውም።

የዘመኑ ሌሎች ደራስያን የተለየ መንገድ ሄደዋል። የአውሬሊዮ ቶለንቲኖ «ካሃፖን፣ ንጋዮን አት ቡካስ»፣ ማለትም «ትናንት፣ ዛሬና ነገ»፣ በ1903 በዚያው በቴአትሮ ሊበርታድ ታየ፤ ደራሲውም ታሰረበት። የሁዋን አባድ «ታኒካላንግ ጊንቶ»፣ «የወርቅ ሰንሰለት»፣ እንዲሁ ፍርድ ቤት አድርሶታል። እነዚያ ተውኔቶች የሚሠሩት በምሳሌ ሰዎች ነው፤ አገሪቱ እናት ወይም ልጃገረድ ሆና ትቆማለች፣ ገዢው በሌላ ስም ይመጣል። ድፍረታቸው ታላቅ ነው። ሬየስ ግን ታሪኩን በስፔን ዘመን፣ በቡላካን አውራጃ፣ ስምና አሽከር፣ እናትና ጎረቤት ባላቸው ሰዎች ላይ አቆመው። ቴንዮንግ አገርን የሚወክል ሐሳብ አይደለም፤ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚታረቅ፣ መሀረብ የሚያስቀናው ልጅ ነው። እንደዚህ ያለ ልጅ ወደ ጫካ ሲገባ ማንኛዋም እናት የራሷን ልጅ ታያለች።

የመጀመሪያው ገቢር ትልቁ ፈተና እስር ቤቱ ነው። ከጥልፍና ከዘፈን ተነስቶ ወደ ግርፋት መሄድ ለማንም ደራሲ አስቸጋሪ ነው፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ እንደሆነ የቀደመው ሳቅ ሐሰት ይሆናል። ሬየስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። መነኮሳቱ ከእስር ቤቱ ሹም ጋር የሚነጋገሩት ሥራ እንደሚቆጣጠር ሰው ነው። ግርፋቱን የሚለኩት በካባን ነው፤ ካባን ሩዝ የሚሰፈርበት መለኪያ ነው። ለእገሌ ስንት ደረሰው፣ ያንስበታል፣ ይጨመርለት ይባባላሉ። የአራሹ ምግብ የሚለካበት ስፍር በአካሉ ላይ የሚወርደው ዱላ መለኪያ ሆነ። ደራሲው በዚህ ላይ አንድም ቃል አልጨመረም፤ ተመልካቹ ሩዝ በካባን ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ያው መነኩሴ ወደ እስረኞቹ ሚስቶች ሲዞር ሌላ ሰው ነው። የካፒታን ኢንጎን ባለቤት ካፒታና ፑቲንን በለሰለሰ ቃል ያጽናናቸዋል፣ ተስፋም ይሰጣቸዋል። እሳቸው ያመሰግናሉ፤ ተመልካቹ ግን ለሹሙ የተሰጠውን ትእዛዝ ሰምቷል። ሬየስ ለመነኮሳቱ የሰጣቸው ታጋሎግ የተሰባበረና ስፓኒሽ የተቀላቀለበት ነው። በአገሩ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው የአገሩን ቋንቋ በወጉ መናገር አይችልም። ተመልካቹ በንግግራቸው ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ የሚናገሩት ነገር ሳቁን ጉሮሮው ላይ ያስቀረዋል። ሳቅንና ድንጋጤን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማኖር ጥቂቶች የሚችሉት ሙያ ነው።

ከዚያ ካፒታን ኢንጎ ይመጣሉ። ግርፋቱ አካላቸውን ጨርሶታል። ልጃቸው ቁስላቸውን እያየ፣ በሚስታቸውና በልጃቸው ፊት ይሞታሉ። ይህ ሞት እውነተኛ ነው፤ ሬየስ አያሳጥረውም፣ አይሸፍነውም። ቴንዮንግ የበቀል መሐላ ይምላል፤ ጓደኞቹን አስተባብሮ ይነሳል። ሁሊያ እንዳይሄድ ትለምነዋለች፤ አልሆን ሲላት ከአንገቷ ያወለቀችውን ሜዳይ ሰጥታ ትሸኘዋለች። «ቁስል የለም» ብሎ በሰየመው ተውኔት መጀመሪያ ላይ ደራሲው በቁስል የተሸፈነ አስከሬን አስቀመጠ። ለምን እንዳስቀመጠው የምንረዳው በመጨረሻው ገቢር ነው።

ሁለተኛው ገቢር ወደ ቤት ይመልሰናል። ቴንዮንግ ጦር ሜዳ ነው። የሁሊያ እናት ሁዋና ልጃቸውን ሚጌል ለተባለ የባለጸጋ ልጅ ሊድሩ ወስነዋል። ሚጌል ገንዘብ አለው፣ አንደበት የለውም። ሊያሽኮረምማት ሲመጣ የሚናገረው ይጠፋዋል፤ የተናገረውም ቦታውን ይስታል። ሁሊያ ትሰላቻለች፣ ትሸሸዋለች። አዳራሹ በሳቅ የሚናወጠው እዚህ ነው። በጎናቸው ደግሞ አሽከሩ ሉካስና የቤት ሠራተኛዋ ሞኒካ የራሳቸውን ፍቅር ያካሂዳሉ። የጌቶቹ ፍቅር በገንዘብና በጦርነት ሲታነቅ የአሽከሮቹ ፍቅር በነፃነት ይንጫጫል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብቻ ሁሊያ ምን እንደተነጠቀች ይነግረናል።

የደብዳቤው ነገርም እንዲሁ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሁሊያ ለቴንዮንግ ጽፋ በሉካስ እጅ ትልካለች። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ቴንዮንግ መልስ ሊጽፍ ሲል ውጊያ ይጀመራል። ስለዚህ ሉካስ ያለ ወረቀት ይመለሳል። ደራሲው በዚህች ትንሽ መሰናክል ሁለት ነገር አገኘ። ሁሊያን ተስፋ ባልተቆረጠበት፣ እርግጠኛም በማይሆኑበት ጨለማ ውስጥ ተዋት። ቴንዮንግንም ከዓይናችን አራቀው፤ ወደ መጨረሻው ሲመለስ ምን ሆኖ እንደሚመጣ ማንም እንዳያውቅ።

ሦስተኛው ገቢር ሠርግ ነው። ሁሊያ ለሚጌል ልትዳር ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። ድንገት ቴንዮንግን በቃሬዛ ይዘውት ይመጣሉ፤ ቆስሏል፣ ሊሞት ነው። መናዘዝ ይፈልጋል። ከኑዛዜው በኋላ የመጨረሻ ምኞቱ ይነገራል፤ ከመሞቱ በፊት ሁሊያን ማግባት። የሚጌል ወገኖች ይስማማሉ። ሰውየው የሰዓታት ዕድሜ ነው የቀረው፤ ሲሞት ሙሽራዋ ለሚጌል ትሆናለች። ካህኑ ያጋቧቸዋል። ጋብቻው እንደተፈጸመ ቴንዮንግ ከቃሬዛው ተነስቶ ይቆማል። አካሉ ላይ አንዳች ነገር የለም። በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚጮኹት ቃል የተውኔቱ ርእስ ነው።

እዚህ ላይ የሬየስን ድፍረት እንመልከት። መጨረሻውን ገና ከበሩ ላይ፣ በማስታወቂያው ላይ ነግሮናል። ቁስል የለም ብሎናል። እኛ ግን ቃሬዛው ሲገባ እናምናለን። የምናምነው በመጀመሪያው ገቢር አባትየው ሲሞቱ ስላየን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው በእውነት እንደሚገረፍ፣ በእውነት እንደሚሞት ደራሲው አስቀድሞ አሳይቶናል። የአባት እውነተኛ ቁስል ለልጁ ሐሰተኛ ቁስል ዋስ ሆነ። የካፒታን ኢንጎ ሞት ቢቆረጥ የመጨረሻው ብልሃት ተራ የቀልድ ማታለያ ሆኖ ይቀር ነበር። ሞቱ ስላለ ግን የቴንዮንግ መነሳት ከሠርግ በላይ ይሆናል፤ ብዙ ልጆቹ በቃሬዛ ተመልሰው ለመጡለት ሕዝብ አንዱ ሲነሳ ማየት ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሌላም ግጥምጥሞሽ አለ። በመክፈቻው ያታለለችው ሁሊያ ናት፤ ሦስት ፊደላትን በተሳሳተ ትርጉም አንብባለት ቴንዮንግ አምኖ ተቃጠለ። በመጨረሻው የሚያታልለው ቴንዮንግ ነው፤ ቁስለኛ መስሎ ሲመጣ ሁሊያ አምና ታለቅሳለች። የመጀመሪያው ማታለል በጨዋታ የተደረገና ለአፍታ የሚለያይ ነበር፤ የኋለኛው በቁም ነገር የተደረገና ለዘላለም የሚያገናኝ ሆነ። ሁለቱንም የሚፈታው ያው ምልክትን በትክክል የማንበብ ጉዳይ ነው። ሬየስ ይህን አንድም ቦታ ላይ ጠቁሞ አላሳየም። ተውኔቱን ሁለተኛ ጊዜ ያነበበ ሰው ራሱ እንዲያገኘው ተወው።

ሥራው እንከን የለሽ ነው አልልም። ሚጌል እንዲሳቅበት ብቻ የተሠራ ነው፤ ሰውነቱ ከቀልዱ አያልፍም። ሕይወቷ የሚወሰነው ሁሊያም ስለ ብልሃቱ አልተነገራትም፤ የዛሬ አንባቢ ይህ ይቆረቁረዋል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ቃሬዛው አጠገብ የምታፈሰው እንባ እውነተኛ ባይሆን ኖሮ በቦታው ያሉት ሁሉ ባላመኑ ነበር። ደራሲው እሷን በጨለማ ያቆያት ለብልሃቱ ሲል ነው፤ ዋጋውን ያስከፈለውም እሷን ነው። ይህን አውቀን ማድነቅ ይሻላል።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር መነገር አለበት። ኮሜድያ ንጉሡንም አሽከሩንም በግጥም ያናግር ነበር። ሬየስ ግጥሙን ለዘፈኖቹ ተወና ሰዎቹን በተራ ንግግር አናገራቸው። ስለዚህ ሁሊያ እንደ ሁሊያ፣ ሉካስ እንደ ሉካስ፣ እናቲቱም ልጇን ለሀብታም እንደምትድር እናት ይናገራሉ። ዘፈኑ የሚመጣው ንግግር በማይበቃበት ቦታ ነው፤ በሥራ ጊዜ፣ በመለያየት፣ በናፍቆት።

ሬየስ በዚህ ሥራ አላበቃም። በርካታ ዛርዙዌላዎችንና ድራማዎችን ጽፏል። በ1922 የተመሠረተው «ሊዋይዋይ» የተባለው የታጋሎግ መጽሔት የመጀመሪያ አዘጋጁ እሱ ነበር። በዚያ መጽሔት ላይ ከ1925 ጀምሮ «ሎላ ባስያንግ» በሚል የብዕር ስም የልጆች ተረቶችን ያትም ጀመር፤ ሎላ በታጋሎግ አያት ማለት ነው። የመጀመሪያው ተረት የፔሪኪንግን ዋሽንት የሚመለከት ነበር። ከ400 በላይ ተረቶች ተከተሉት። የስልሳ አራት ዓመቱ ሰው አያት ሆኖ ሲያወራ አገሩ ሁሉ የልጅ ልጅ ሆኖ አዳመጠው። በቴአትሩ ዘመን ያልተወለዱ ፊሊፒናውያን ሬየስን የሚያውቁት በዚህ ስም ነው፤ ተረቶቹም በመጽሐፍ፣ በፊልምና በመድረክ ዛሬም ይኖራሉ።

በተረቶቹም ውስጥ ያው እጅ አለ፤ ሰዎቹ በጥቂት ቃል ይታወቃሉ፣ በመጀመሪያ የተጠቀሰች ትንሽ ዕቃ ሳትረሳ በመጨረሻ ትመለሳለች። በመድረክ የተማረውን ቁጠባ ወደ ወረቀት ይዞት ሄደ።

ሬየስ በሴፕቴምበር 15 ቀን 1942፣ ማኒላ በጃፓን ወታደሮች እጅ ሳለች፣ በ81 ዓመቱ አረፈ። «ዋላንግ ሱጋት» ግን ፊልም ሆኗል፣ በትምህርት ቤት ይነበባል፣ በፊሊፒንስ መድረኮችም ተደጋግሞ ታይቷል። ለሕዝብ የቆመ ሥራ በዓላማው ብቻ ዕድሜ አያገኝም። በዚያው ዘመን በዚያው ቁጣ የተጻፉ ብዙ ተውኔቶች ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ይህን ያቆየው በሚገባ መሠራቱ ነው። ለመድረክ የምትጽፉ ሁሉ ይህን ተውኔት አግኝታችሁ አንብቡ፤ ስታነቡም መሀረቡን፣ ስፍሩንና ቃሬዛውን ተከታተሉ። መጨረሻውን በመጀመሪያው ውስጥ እንዴት እንደሚተክሉ ከሴቬሪኖ ሬየስ የተሻለ የሚያስተምር ብዙ መምህር አታገኙም።